የቀለም ብናኝን ከመኪና ውስጥ ቪኒል ላይ ስለ ማንሣት

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የመኪና አካል ጥገናና የቀለም ቅብ ሥራ ሲነሣ በአብዛኛው የሚወሳው ከውጭ የሚታየው ነው፤ ይኸውም የስቱኮው ልስላሴ፣ የቀለሙ አንድ ወጥነትና የመጨረሻው አንጸባራቂነት ነው። ባለቤቱ ግን መኪናውን ለመረከብ ሲመጣ ዙሪያውን ዞሮ ካየ በኋላ በሩን ከፍቶ ይቀመጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሥራውን የሚመዝነው ከውስጥ ሆኖ ነው። በዳሽቦርዱ፣ በጋራዥ አነጋገር በክሩስኮቱ ላይ፣ እንደ ጤዛ የተበተነ ነጠብጣብ ቢያይ፣ የወንበሩን መደገፊያ በእጁ ሲዳስስም እንደ አሸዋ ቢሻክረው፣ ከውጭ ያደነቀው ሥራ ሁሉ በዐይኑ ይቀልበታል። የዚህ ንግግር ርእስ ይኸው የቀለም ብናኝ ነው፤ እንዴት እንደሚነሣና በተለይም በምን መንገድ መነሣት እንደሌለበት።

ጉዳዩ ጥቂት መስሎ የሚታየው ላልደረሰበት ሰው ነው። በኢትዮጵያ መኪና ለረጅም ዘመን ያገለግላል፤ በዕድሜውም ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀባል። ለዚህ የአዲስ አበባን የላዳ ታክሲ ማስታወስ ይበቃል። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት በቶልያቲ ከተማ የተመረተ ሲሆን፣ መነሻው እ.ኤ.አ. የ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ የተመረጠው ፊያት 124 ነበር። ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ለብዙ ዓመታት የከተማውን ሕዝብ ሲያመላልስ ኖሯል። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ወንበር የለበሰውም ቪኒል ነበር። እንዲህ ያለ መኪና በተቀባ ቁጥር ውስጡ ለብናኝ ይጋለጣል። የበሩ ቀለም ቢበላሽ እንደገና ይቀባል፤ የተጨረመተ ፓራፋንጎም ተቀጥቅጦ ይቃናል። የቆየ ሞዴል የወንበር ልብስ ወይም የክሩስኮት ሽፋን በቲነር ከቀለጠ ግን የቀድሞውን ዐይነት መልሶ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በታክሲ ለሚተዳደር ሰው ደግሞ መኪናው ጋራዥ የሚቆምባት እያንዳንዷ ቀን ከቤቱ ገበታ ላይ የምትጎድል ቀን ናት። እንግዲህ ጥቂት በሚመስለው በዚህ ነገር ውስጥ የሰው እንጀራና የሙያው ስም አለበት።

ብናኙን ስለ ማንሣት ከመናገር በፊት ያረፈበትን ነገር ማወቅ ይገባል። ቪኒል በብዙ ሰው አፍ የፕላስቲክ ቆዳ ይባል እንጂ ከእንስሳ ቆዳ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። ዋናው አካሉ ፖሊቪኒል ክሎራይድ፣ በአጭሩ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ይህን ነገር ጀርመናዊው ኬሚስት ኦይገን ባውማን እ.ኤ.አ. በ1872 አግኝቶት ነበር፤ ነገር ግን በባሕርዩ ደረቅና ተሰባሪ ስለ ሆነ ለረጅም ጊዜ ጥቅም ላይ ሳይውል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ በጉድሪች ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዋልዶ ሴመን ከማለስለሻ ፈሳሽ ጋር ሲያዋሕደው እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ ነገር ሆነ። በመኪና ወንበር ላይ ያለው ቪኒል በጨርቅ ላይ የተለበጠ ይኸው ለስላሳ ፒቪሲ ነው። ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ ማለስለሻ ሊሆን ይችላል። በገጹ ላይ የቆዳን መስመር የሚያስመስል ቅርጽ ይታተምበታል፤ በቅርጹም ላይ እጅግ ስስ የሆነ መከላከያ ይቀባበታል። ሠራተኛው እጁን የሚያሳርፈው በዚህ ስስ መከላከያ ላይ ነው። መከላከያው ከተላጠ ቪኒሉ ቆሻሻ መያዝ ይጀምራል፤ ማለስለሻው ተመጥጦ ከወጣ ደግሞ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል።

የቀለም ብናኝ ደግሞ ከመርጫው ወጥቶ ብረቱን ሳያገኝ የቀረ ቀለም ነው። በተለመደው የአየር ግፊት መርጫ ሲሠራ ከሚረጨው ቀለም ከግማሽ በላይ የሆነው በሚቀባው አካል ላይ ሳያርፍ ሊቀር ይችላል። በዝቅተኛ ግፊትና በብዙ አየር የሚሠሩት መርጫዎች ይህን ብክነት ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም። በአየር ላይ የቀረው ጠብታ እንደ ጉም እየተንሳፈፈ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። ከመርጫው ርቆ የተጓዘው ጠብታ ቲነሩ በመንገድ ላይ ስለሚተን ደረቅ እንደ ሆነ ያርፋል፤ እንደ ዱቄትም በገጹ ላይ ይቀመጣል። በቅርብ ያረፈው ግን ገና እርጥብ ስለ ሆነ ተዘርግቶ ይጣበቃል። የቀለሙም ዐይነት ልዩነት ያመጣል። ናይትሮ ቀለም ቲነሩ ሲተን ወዲያው ስለሚደርቅ ብናኙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ሲንቴቲክ ቀለም ግን ከአየሩ ኦክሲጅን እየወሰደ በሰዓታት የሚደርቅ ስለ ሆነ፣ ብናኙ እርጥብ ሆኖ ያርፋል፤ አጥብቆም ይይዛል። ማጠንከሪያ ተጨምሮበት የሚረጨው ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ደግሞ አንዴ ከጠነከረ ቲነር እንኳ በቀላሉ አይበግረውም።

የብዙ ጋራዦች ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የቀቢው እጅ ያልተፈለገ ቀለም ባየ ቁጥር ወደ ቲነር ጣሳ ይሄዳል። ይህ ልማድ በባዶ ብረት ላይ ትክክል ነው፤ ብረት በቲነር አይሟሟምና። በወንበር ላይ ግን ብናኙና ቪኒሉ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። በቲነር ውስጥ የሚገኙት እንደ አሴቶን ያሉ ኃይለኛ ማሟሚያዎች ቀለሙን ብቻ መርጠው አይበሉም፤ ቪኒሉንም ያብጡታል፣ ያለሰልሱታል፣ ማለስለሻውንም ይወስዱበታል። የፒቪሲ ቧንቧ የሚገጥም ሠራተኛ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የሚቀባው ማጣበቂያ ሁለቱን ቧንቧዎች የሚያያይዛቸው የሁለቱንም ገጽ አሟሙቶ በማዋሐድ ነው፤ በማጣበቂያውም ውስጥ ያሉት ከዚሁ ወገን የሆኑ ማሟሚያዎች ናቸው። ስለዚህ በቲነር በተነከረ ጨርቅ ወንበር ማሸት የቧንቧ ማጣበቂያን በወንበር ላይ ከመቀባት ብዙ አይለይም። የሟሟው ቀለም ከለሰለሰው ቪኒል ጋር ተቀላቅሎ በታተመው ቅርጽ ጎድጓዳ ውስጥ ይሰርጋል። ያን ጊዜ ብናኝ መሆኑ ቀርቶ የቪኒሉ አካል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው የለም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በቪኒል ላይ ያረፈ ብናኝ መነሣት ያለበት በማሟሟት ሳይሆን በማላቀቅ ነው። ለሠራተኛው የሚጠቅመው ጥያቄ፣ “ይህን ቀለም ምን ያቀልጠዋል?” የሚለው ሳይሆን፣ “ይህን ቀለም ካረፈበት ምን ይለየዋል?” የሚለው ነው። ቀለሙና ቪኒሉ በማሟሚያ ፊት ቢመሳሰሉም በሌሎች ሁለት ነገሮች ይለያያሉ። አንደኛ፣ የደረቀ ቀለም ተሰባሪ ሲሆን ቪኒል ግን ተለጣጭ ነው። ሁለተኛ፣ ብናኙ በገጹ ላይ የተቀመጠ እንጂ ሥር የሰደደ አይደለም። ጥሩ ሠራተኛ የሚሠራው በእነዚህ ልዩነቶች ነው።

ሥራው የሚጀመረው በመመርመር ነው። ቀለሙ የተረጨው በዚያው ጋራዥ ከሆነ ዐይነቱ ይታወቃል። መኪናው ከሌላ ቦታ ተቀብቶ የመጣ እንደ ሆነ ግን ከኮፈኑ ውስጠኛ ጠርዝ ወይም ከሌላ ስውር ስፍራ ላይ፣ ይኸውም በብረቱ ላይ ብቻ፣ ቲነር በነካ ነጭ ጨርቅ ጥቂት መሞከር ይቻላል። ቀለሙ ወዲያው በጨርቁ ላይ ከወጣ ናይትሮ መሆኑን ያመለክታል፤ ቢያብጥና ቢሸበሸብ ሲንቴቲክ ነው፤ ምንም ካልሆነ ደግሞ በማጠንከሪያ የደረቀ መሆኑ ይገመታል። ከዚህ ጋር የብናኙ ዕድሜ መታወቅ አለበት። ዛሬ ያረፈውን ዛሬ ማንሣት ነገ ከማንሣት ይቀላል፤ በተለይ ሲንቴቲክ ቀለም እያደረ ይበልጥ ይጠነክራልና።

ከምርመራው በኋላ ሥራው ከደካማው ዘዴ ተነሥቶ ወደ ብርቱው በደረጃ ይሄዳል። አንዱ ደረጃ በቂ ከሆነ ወደሚቀጥለው አይታለፍም።

የመጀመሪያው ደረጃ ደረቅ ሥራ ነው። ልል ሆኖ የተቀመጠው ብናኝ በለስላሳ ብሩሽና በአቧራ መምጠጫ ይነሣል። በደረቅ ጨርቅ ማሸት አይገባም፤ ደረቅ ብናኝ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃልና። ከዚያም ለመሸፈኛ የሚያገለግለውን የወረቀት ፕላስተር በገጹ ላይ ጫን አድርጎ ቀስ ብሎ ማንሣት ብዙውን የናይትሮ ብናኝ ይዞ እንደሚወጣ በሥራ ላይ ይታያል።

ሁለተኛው ደረጃ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ነው። በሳሙናው ውኃ የራሰ ጨርቅ በቦታው ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል፤ ቀጥሎም በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በታተመው ቅርጽ አቅጣጫ ይታሻል። ሳሙናው ቀለሙን አያሟሟም፤ በብናኙና በቪኒሉ መካከል እየገባ መያዣውን ያላላል። የቀረውን አንድ በአንድ በጥፍር፣ ጫፉ በደነዘዘ የእንጨት ስንጥር ወይም በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ማንሣት ይቻላል። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ካልተለየው ቪኒሉን የማይጎዳ ዘዴ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ በማጠፍ ማላቀቅ ነው። የወንበሩ ልብስ ከሥሩ ስፖንጅ ስላለው በሁለት አውራ ጣቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ሲሳብ ቪኒሉ ይለጠጣል፤ ቀለሙ ግን አብሮት ሊለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቅና ይነሣል። ለዚህ ሥራ ቀዝቀዝ ያለ ማለዳ ይመረጣል፤ ቀለም በቅዝቃዜ ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናልና። በፀሐይ የቆመ መኪና ግን በመጀመሪያ ወደ ጥላ ገብቶ መብረድ አለበት፤ የጋለ ቪኒል ለስላሳ ስለ ሆነ በቀላሉ ይጫጫራል። ይህ ዘዴ ለአሮጌ ክሩስኮት አይሠራም፤ ለዓመታት ፀሐይ የመታው ሽፋን ማለስለሻው አልቆ ከቀለሙ በፊት ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አራተኛው ደረጃ ለመኪና ቀለም ማጽጃ የሚሸጠው፣ ክሌይ ባር የሚባለው የጭቃ ዐይነት ነገር ነው። በሳሙና ውኃ እያለሰለሱ ሳይጫኑ ሲያንሸራትቱት ከገጹ በላይ ብቅ ያለውን ብናኝ ይዞ ይሄዳል። የሚያገለግለው ግን ለለስላሳ ገጽ ነው፤ ጥልቅ ቅርጽ በታተመበት ቪኒል ላይ የጭቃው ቅሪት በጎድጓዳው ውስጥ ስለሚቀር ሌላ ሥራ ያመጣል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ደረጃ ደካማ ማሟሚያ ነው። ለናይትሮ ብናኝ አልኮል፣ ገና ላልጠነከረ ሲንቴቲክ ደግሞ ነጭ ጋዝ ሊሞከር ይችላል። እዚህም ላይ ቢሆን ዓላማው ቀለሙን ማቅለጥ ሳይሆን መያዣውን አላልቶ እንዲነሣ ማድረግ ነው። በመጀመሪያ ከወንበሩ ሥር በማይታይ ስፍራ ተሞክሮ ሲደርቅ ይታያል። ፈሳሹ በጨርቁ ላይ እንጂ በቪኒሉ ላይ አይፈስም። በአንድ ጊዜ ከመዳፍ ስፋት አይታለፍም፤ ጥቂት ሴኮንዶች ከነካ በኋላም ወዲያው በሳሙና ውኃ ይጠረጋል። በጣራው ላይ ያለው ባለ ቀዳዳ ቪኒል ጨርሶ ፈሳሽ አይፈስበትም፤ በቀዳዳው የገባ ፈሳሽ ከኋላ ያለውን ሙጫ አላልቶ ሽፋኑን ሊያወርደው ይችላልና።

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ለቪኒል አይገባም። የብረት ሱፍ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ደረቅ የማድቤት መፈግፈጊያ የታተመውን ቅርጽ ይፍቃሉ። ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ ከቀለሙ በፊት ቪኒሉን ያጥፋል። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት የቀለም መላጫ ደግሞ ቪኒሉንም ሠራተኛውንም ይጎዳል፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለው መላጫ ለተራ ሸማቾች እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2019 አግዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብም እገዳውን ወደ አብዛኞቹ የኢንዱስትሪና የንግድ አገልግሎቶች አስፋፍቷል።

መቼ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ከማንሣቱ ዕውቀት አያንስም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ነጭ ጨርቅ የብናኙን ቀለም መያዙን ትቶ የቪኒሉን ቀለም ይዞ ከመጣ፣ ገጹ ለእጅ ተለጣፊ ከሆነ፣ ወይም አንጸባራቂነቱ ከጎረቤቱ ከተለየ ሥራው በዚያችው ደቂቃ መቆም አለበት። ጥቂት ነጠብጣብ የቀረበት ሙሉ ወንበር፣ ነጠብጣብ ከሌለበት የተቃጠለ ወንበር ይሻላል። የቀረው ጎልቶ የሚታይ ከሆነ ለቪኒል ተብሎ በተሠራ ቀለም ገጹን ማደስ ወይም ያንን ክፍል ብቻ ለወንበር ልብስ ሰፊ መስጠት ይቻላል።

ብናኙ ከተነሣ በኋላ ገጹ በንጹሕ ውኃ ተጠርጎ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ሲሊኮን ያለበት ማንጸባረቂያ ይቀባሉ፤ መልክም ያሳምርላቸዋል። ነገር ግን ሲሊኮን በቀለም ቤት ውስጥ ክፉ እንግዳ ነው። በእጅና በጨርቅ ወደ ብረቱ ከተሻገረ በሚቀጥለው ቅብ ላይ ቀለሙ እየሸሸ፣ የዓሣ ዐይን የሚባለውን ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል። ስለሆነም ሲሊኮን የሌለበትን መምረጥ፣ አለዚያም ይህን ሥራ ከመርጫው ክፍል ውጭ መፈጸም ይገባል።

ስለ ሠራተኛው ጤንነት መዘንጋት አይቻልም። ብናኝ የማንሣቱ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በጋራዡ ውስጥ በዕድሜ ለሚያንሰው ልጅ ነው፤ የሚሠራውም በጠባብ የመኪና ክፍል ውስጥ ተጎንብሶ ነው። የማሟሚያ እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይከማቻል፤ ራስ ያዞራል፣ ከእሳትም ጋር ቢገናኝ ይቀጣጠላል። ስለዚህ በሮቹ ሁሉ መከፈት፣ የባትሪው ገመድ አስቀድሞ መፈታት፣ ጓንትም መደረግ አለበት። ባለ ሁለት ክፍል ቀለም በሚረጭበት ጊዜ ደግሞ ከማጠንከሪያው የሚወጣው አይሶሳያኔት ለዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አስም ሊያስከትል ስለሚችል ተራ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አያድንም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያቀርብ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ወደ ወንበሩ የደረሰው ጉም በመጀመሪያ በሰው ሳንባ በኩል ማለፉን ማስታወስ ይበቃል።

ከማንሣት ሁሉ የሚሻለው አለማስገባት ነው። ለዚህ በየጋራዡ የተለመደው ጋዜጣ ነው፤ ይሁን እንጂ ጋዜጣ ቀዳዳማ ወረቀት ስለ ሆነ እርጥብ ቀለም ይዘልቀዋል፤ ቲነር ሲነካውም የኅትመት ቀለሙን ወደ ቪኒሉ ሊያስተላልፍ ይችላል። ወፍራም የመሸፈኛ ወረቀት ወይም ቀለም የማይዘልቀው የፕላስቲክ ሽፋን ይመረጣል። የበሩ ውስጠኛ ጠርዝ በሚቀባበት ጊዜ፣ የመኪናው ቀለም ሙሉ በሙሉ በሚለወጥበትም ጊዜ፣ የወንበሩን ብሎኖች ፈትቶ ማውጣት ከሰዓት ያነሰ ሥራ ነው፤ ካልወጣ ግን የሚያስከትለው ጣጣ የቀናት ሊሆን ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተለጠፈ ፕላስተር ከመርጫው በሚወጣው ነፋስ ይገለጣል፤ ጉሙም የሚገባው በዚያች በተገለጠችው ጣት በምታህል ቀዳዳ ነው።

በመጨረሻም የሙያው ክብር ያለው በንግግር ላይም ነው። ብናኝ የገባበትን መኪና ሸፍኖ ማስረከብ፣ ወይም በቲነር የተቃጠለውን ወንበር “ድሮም እንዲህ ነበር” ማለት ለአንድ ቀን ያድን ይሆናል። ባለቤቱ ግን በዚያ ወንበር ላይ ዕለት ዕለት ይቀመጣል። መኪናው ሲገባ የውስጡን ሁኔታ ከባለቤቱ ጋር አይቶ መመዝገብ፣ ጉዳት ሲደርስም በግልጽ ተናግሮ ማስተካከያውን ከሥራው ዋጋ ለይቶ በጋራዡ ወጪ መፈጸም፣ ደንበኛን የሚያቆይ አሠራር ነው።

እንግዲህ የቀለም ብናኝ በራሱ ታላቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ባለሙያውን ከቸኳዩ የሚለየው እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ነው። ኃይለኛው ፈሳሽ ሁልጊዜ የቅርብ ጓደኛ መስሎ በመደርደሪያው ላይ ይጠብቃል፤ ሳሙናውና ትዕግሥቱ ግን ሥራውን ያለ ጉዳት ይፈጽማሉ። የሚቀባው ብረት የሚበቃውን ክብር አግኝቷል፤ በውስጡ የሚቀመጠውም ሰው ይህንኑ ክብር ያግኝ።